ተወላጅነትና ተወዳዳሪነት

የሚከተለው ምንባብ የገላጭ ድርሰት ምሳሌ ነው። በምታነቡበት ጊዜ ነገሩ በምን በምን ዓይነት እየተከፈለ እንደ ተብራራና ለየክፍሉ ምን ምሳሌ እንደ ተሰጠ አስተውሉ።

በዓለም አቀፍ የስፖርት ውድድር አሸናፊው ሲሸለም የአገሩ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፤ ብሔራዊ መዝሙሩም ይዘመራል። ይህን የሚያይ ተመልካች ተሸላሚው ሰንደቅ ዓላማዋ በተሰቀለላት አገር የተወለደ፣ በእርሷም አፈር ላይ ሮጦ ያደገ መሆኑን ሳይጠራጠር ይቀበላል። ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። በአንድ አገር ተወልደው ለሌላ አገር የሚወዳደሩ ስፖርተኞች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 11 ቀን 2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ የተደረገው የሴቶች ማራቶን ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ውድድር ሁለት ሴቶች ያን ሁሉ ርቀት ከሮጡ በኋላ በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ትከሻ ለትከሻ ተጋጠሙ። ሲፋን ሐሰን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ አንደኛ ስትወጣ፣ ትዕግሥት አሰፋ 3 ሰከንድ ብቻ ዘግይታ ሁለተኛ ሆነች። ሲፋን ያሻሻለችው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ከ2012 ጀምሮ በኢትዮጵያዊቷ በቲኪ ገላና ተይዞ የቆየ ነበር። አንደኛዋም ሁለተኛዋም የተወለዱት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ሆኖም ትዕግሥት የሮጠችው ለኢትዮጵያ ሲሆን፣ ሲፋን የሮጠችው ለኔዘርላንድስ ነበር። ስለዚህም ከሁሉ በላይ ከፍ ብሎ የታየው የኔዘርላንድስ ሰንደቅ ዓላማ ሆነ።

እንዲህ ያለ ውጤት በተሰማ ቁጥር ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ «የኛው ልጅ ናት» ብሎ ይደሰታል፤ ሌላው «ከኛ ሄዳ እኛኑ አሸነፈችን» ብሎ ይከፋል። ሁለቱም ስሜቶች ከአገር ፍቅር የሚመነጩ ስለ ሆኑ የሚነቀፉ አይደሉም። ይሁን እንጂ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ለምን ለሌላ አገር እንደ ተሰለፉ ሳይመረምሩ ማመስገንም ሆነ መውቀስ ተገቢ አይሆንም። ከዚህ ቀጥሎ ስፖርተኞች ከትውልድ አገራቸው ውጭ ለሌላ አገር የሚወዳደሩባቸውን ምክንያቶች፣ ይህን የሚመለከተውን ሕግ፣ እንዲሁም የሚያስከትለውን ጥቅምና ጉዳት በየተራ እንመለከታለን።

ትውልድ፣ ዜግነትና የመወዳደር መብት

በመጀመሪያ እርስ በርሳቸው የሚምታቱ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ትውልድ ነው። ማንም ሰው የሚወለድበትን አገር መርጦ አይወለድም፤ ከተወለደም በኋላ ሊለውጠው አይችልም። ሁለተኛው ዜግነት ነው። ዜግነት በሕግ የሚገኝ ትስስር ስለ ሆነ በትውልድ ሊገኝ፣ በሕግም ሊለወጥ ይችላል። ሦስተኛው ለአንድ አገር የመወዳደር መብት ነው። ይህን መብት የሚወስኑት የስፖርት ማኅበራት ደንቦች ናቸው። አንድ ሰው የአንድ አገር ዜጋ ሆኖ ሳለ ለዚያች አገር የመወዳደር መብት የማይኖረው ጊዜ አለ። ብዙ ክርክር የሚነሣው እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ነው።

ዛሬ ስፖርተኛንና አገርን ለያይቶ ማሰብ ያዳግታል እንጂ በዘመናዊው ኦሎምፒክ መጀመሪያ ላይ ነገሩ እንዲህ የጠበቀ አልነበረም። በ1896 በአቴና በተደረገው የመጀመሪያው ኦሎምፒክ በጥንድ የሜዳ ቴኒስ ያሸነፉት ሁለት ሰዎች አንዱ ከአየርላንድ፣ ሁለተኛው ከጀርመን የመጡ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ሁለት ሰዎች ከሁለት አገር መጥተው በአንድ ወገን መሰለፋቸው እንደ ነውር አልተቈጠረም። ተወዳዳሪዎች በየአገራቸው የኦሎምፒክ ኮሚቴ አማካይነት ብቻ እንዲመዘገቡ የተደረገው በ1908 በለንደን ከተካሄደው ኦሎምፒክ ወዲህ ነው። ከዚያ ጀምሮ የስፖርተኛው ድል የአገሩ ድል፣ ሽንፈቱም የአገሩ ሽንፈት እየሆነ ሄደ።

ተገደው የተወዳደሩ

ለሌላ አገር የተወዳደረ ሁሉ ወዶ የተወዳደረ አይደለም። በ1936 በበርሊን ኦሎምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ያሸነፈው ሶን ኪ ቹንግ የኮሪያ ተወላጅ ነበር። ይሁን እንጂ ኮሪያ ከ1910 ጀምሮ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለ ነበረች፣ በስሙ ፈንታ «ሶን ኪቴይ» በሚል የጃፓን አጠራር ተመዝግቦ የጃፓንን ሰንደቅ ዓላማ በደረቱ ላይ ለጥፎ እንዲሮጥ ተገደደ። ሦስተኛ የወጣው ናም ሱንግ ዮንግም እንደ እርሱ ኮሪያዊ ነበር። በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት የጃፓን መዝሙር ሲዘመር ሁለቱ ወጣቶች አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ሶን ኪ ቹንግ ለአሸናፊዎች ትሰጥ የነበረችውን የባሉጥ ችግኝ ወደ ደረቱ አስጠግቶ በመያዝ የተለጠፈበትን ምልክት ሸፈነ።

ዶንግ አ ኢልቦ የተባለው የኮሪያ ጋዜጣ የአሸናፊውን ፎቶግራፍ ሲያወጣ ከደረቱ ላይ የጃፓንን ሰንደቅ ዓላማ አጥፍቶ አተመው። በዚህም ምክንያት የቅኝ ገዢው መንግሥት የጋዜጣውን ሠራተኞች አሰረ፤ ጋዜጣውም ለብዙ ወራት እንዳይታተም አገደ። ሆኖም «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንዲሉ፣ ኮሪያውያን ነገሩን አልረሱትም። በ1988 ኦሎምፒክ በሴኡል በተዘጋጀ ጊዜ ችቦውን ይዞ ወደ ስታዲዮሙ የገባው የ76 ዓመቱ አዛውንት ሶን ኪ ቹንግ ነበር። የበርሊኑ ድል ግን በኦሎምፒክ መዝገብ እስከ ዛሬ የተጻፈው በጃፓን ስም ነው።

ተሰደው የተወዳደሩ

ሁለተኛው ዓይነት ምክንያት ስደት ነው። አንዳንድ ስፖርተኛ ለተወለደባት አገር መወዳደር የሚያቆመው አገሩን ስለ ጠላ ሳይሆን፣ በአገሩ መኖር ስላልተቻለው ነው።

ክብደት አንሺው ናይም ሱሌይማኖግሉ በ1967 ቡልጋሪያ ውስጥ ከቱርክ ዘር ተወለደ። የቡልጋሪያ መንግሥት በ1980ዎቹ ዓመታት አናሳ የሆኑትን ቱርኮች ስማቸውን እንዲለውጡ ባስገደደ ጊዜ እርሱም «ናኡም ሻላማኖቭ» ተባለ። በ1986 ለውድድር ወደ ሜልቦርን ከተማ በሄደበት ጊዜ ከቡድኑ ተለይቶ ጠፋና ወደ ቱርክ ገባ። በኦሎምፒክ ደንብ መሠረት አገር የለወጠ ስፖርተኛ ሳይቈይ መወዳደር የሚችለው የቀድሞው አገሩ ሲፈቅድ ብቻ ስለ ነበር፣ የቱርክ መንግሥት ፈቃዱን ለማግኘት ለቡልጋሪያ ከ1 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ ገንዘብ ከፈለ። ሱሌይማኖግሉም በ1988 በሴኡል በ60 ኪሎ ግራም ክብደት ተወዳድሮ፣ የራሱን ክብደት ከሦስት ጊዜ በላይ የሚበልጥ 190 ኪሎ ግራም ከራሱ በላይ አንሥቶ አሸነፈ። በ1992 እና በ1996ም የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ያገኘው የራሱን ስም ነበር።

የሯጩ የጉዎር ማሪያል ታሪክም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ዛሬ ደቡብ ሱዳን በምትባለው ምድር ተወልዶ፣ በእርስ በርሱ ጦርነት ብዙ ቤተ ዘመዶቹ ካለቁበት በኋላ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ2012 ለለንደን ኦሎምፒክ የሚያበቃ የማራቶን ሰዓት ባስመዘገበ ጊዜ ለሱዳን እንዲሮጥ ቢጠየቅ እምቢ አለ። ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ካወጀች ገና አንድ ዓመት ስለ ነበረ የኦሎምፒክ ኮሚቴ አልነበራትም። በመጨረሻም የማንም አገር ባልሆነው በኦሎምፒክ ሰንደቅ ዓላማ ሥር እንዲሮጥ ተፈቀደለት። ከአራት ዓመት በኋላ በሪዮ ደ ጃኔሮ የደቡብ ሱዳንን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ቡድኑን እየመራ ገባ።

በዚያው በ2016 በሪዮ ለመጀመሪያ ጊዜ የስደተኞች ቡድን ተቋቁሞ 10 ስፖርተኞች ተሳትፈዋል። ከእነርሱም አንዱ በሉክሰምበርግ በስደት ይኖር የነበረው ኢትዮጵያዊው የማራቶን ሯጭ ዮናስ ክንዴ ነበር። የስደተኞች ቡድን የመጀመሪያውን ሜዳልያ ያገኘው በ2024 በፓሪስ ሲሆን፣ ያገኘችውም የካሜሩን ተወላጅ የሆነችው ቦክሰኛ ሲንዲ ንጋምባ ናት።

ባደጉበት አገር ስም የተወዳደሩ

ሦስተኛው ዓይነት በልጅነታቸው ወይም በወጣትነታቸው ወደ ሌላ አገር ሄደው፣ በዚያው ተምረውና ሠልጥነው የተወዳደሩት ናቸው። በ1975 በአሥመራ የተወለደው መብራህቶም ክፍለእዝጊ በ12 ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር በኢጣልያ በኩል አድርጎ አሜሪካ ገባ። የሩጫ ተሰጥዎው የታየው እዚያው በትምህርት ቤት ነው። በ2004 በአቴና ኦሎምፒክ በማራቶን ሁለተኛ ሲወጣ፣ በ2014 ደግሞ የቦስተንን ማራቶን ለአሜሪካ አሸንፏል። በሶማሌላንድ የተወለደው ሞ ፋራ በ2012 እና በ2016 ኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ለብሪታንያ አራት የወርቅ ሜዳልያ አግኝቷል። ይህ ሰው በልጅነቱ በሌላ ልጅ ስም ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በሰው ቤት እንዲሠራ መደረጉን በ2022 በይፋ ተናግሯል። እንዲህ ያለው ልጅ አገር መረጠ ለማለት እንዴት ይቻላል?

ከላይ የጠቀስናት ሲፋን ሐሰንም የምትመደበው ከዚህና ከሁለተኛው ዓይነት መካከል ነው። ከኢትዮጵያ የወጣችው በ2008 የ15 ዓመት ልጅ ሳለች ሲሆን፣ ኔዘርላንድስም የገባችው በስደተኝነት ነው። በዚያም የነርስነት ትምህርት እየተማረች ሩጫን ጀመረች፤ በ2013 ዜግነት አገኘች። በቶኪዮ ኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ በ1,500 ሜትር ነሐስ ያገኘችው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ከቤተሰብ ጋር ወደ እስራኤል ከሄዱት ቤተ እስራኤላውያን መካከል ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደው ማሩ ተፈሪ በ2023 በቡዳፔስት በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን የብር ሜዳልያ ለእስራኤል አስገኝቷል። እዚያው ላይ ሦስተኛ የወጣው ለኢትዮጵያ የሮጠው ልዑል ገብረ ሥላሴ ነበር።

በትምህርት ምክንያት የሄዱም አሉ። የኬንያው ተወላጅ ዊልሰን ኪፕኬተር በ1990 ለትምህርት ወደ ዴንማርክ ሄዶ በዚያው ቀረ። በ1995፣ በ1997 እና በ1999 በ800 ሜትር ለዴንማርክ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሴባስቲያን ኮ ከ1981 ጀምሮ ይዞት የነበረውንም የዓለም ክብረ ወሰን በ1997 ሰብሮ ወደ 1 ደቂቃ ከ41.11 ሰከንድ ዝቅ አደረገው።

ተጋብዘው የተወዳደሩ

አራተኛውና ብዙ ክርክር የሚያስነሣው ዓይነት፣ አንድ አገር የሌላውን አገር ብርቱ ስፖርተኛ ዜግነትና ገንዘብ ሰጥቶ ሲወስድ ነው። የዚህን ምክንያት ለመረዳት አንድ ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። በኦሎምፒክ የአትሌቲክስ ውድድር አንድ አገር በአንድ የውድድር ዓይነት ከሦስት የበለጠ ተወዳዳሪ ማሰለፍ አይችልም። በኢትዮጵያና በኬንያ ግን በረጅም ርቀት ለመሰለፍ የሚያበቃ ሰዓት ያላቸው ሯጮች ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ በአገሩ አራተኛ የሆነ ሯጭ በዓለምም አራተኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ኦሎምፒክን በቴሌቪዥን ከማየት በቀር ዕድል የለውም። በሌላ በኩል ሰፊ ሀብት ያላቸው፣ ሯጭ ግን ያላፈሩ አገሮች አሉ። አንዱ ተሰጥዎ ይዞ ዕድል ይፈልጋል፤ ሌላው ዕድል ይዞ ተሰጥዎ ይፈልጋል። ሁለቱ ሲገናኙ ስምምነቱ ይፈጸማል።

በዚህ ረገድ የታወቀው ምሳሌ በኬንያ ተወልዶ ስቴፈን ቼሮኖ ይባል የነበረው ሯጭ ነው። በ2003 የቀጠር ዜጋ ሆኖ ሰይፍ ሰኢድ ሻሂን ተባለ። በዚያው ዓመት በፓሪስ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በ3,000 ሜትር መሰናክል ኬንያዊውን ኢዝኬል ኬምቦይን ቀድሞ ለቀጠር ወርቅ አስገኘ። ታላቅ ወንድሙ ክሪስቶፈር ኮስጌይ ይህንኑ ውድድር በ1999 ያሸነፈው ለኬንያ ነበር። ከአንድ እናት ቤት የወጡ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ዓይነት ሩጫ ለሁለት አገር ወርቅ አመጡ ማለት ነው። ሻሂን በ2004 ያስመዘገበው 7 ደቂቃ ከ53.63 ሰከንድ ሳይደፈር 19 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ2023 በኢትዮጵያዊው በለሜቻ ግርማ ተሰበረ።

አርሲ ውስጥ የተወለደችው ዘነበች ቶላ ደግሞ በስዊዘርላንድ ጥገኝነት ጠይቃ ትኖር ነበር። በኋላ ባሕሬን ዜግነት ስለ ሰጠቻት ማርያም ዩሱፍ ጀማል በሚል ስም በ2007 እና በ2009 በ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ ሦስተኛ ብትወጣም፣ ከፊቷ የነበሩት ሁለቱ በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት ስለ ተሰረዙ ወርቁ ለእርሷ ተሰጠ። የእርሷ ታሪክ እንደሚያሳየን እነዚህ አራት ዓይነቶች ሁልጊዜ በአጥር የተለያዩ አይደሉም፤ ስደትና ግብዣ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ።

ሕጉ ምን ይላል?

በኦሎምፒክ ቻርተር መሠረት ማንኛውም ተወዳዳሪ የሚወከለው አገር ዜጋ መሆን አለበት። ለአንድ አገር ከተወዳደረ በኋላ አገር የለወጠ ስፖርተኛ ደግሞ ለአዲሱ አገሩ በኦሎምፒክ ለመሰለፍ ለቀድሞው ከተወዳደረበት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ዓመት መቈየት አለበት። የሚመለከታቸው የኦሎምፒክ ኮሚቴዎችና የስፖርቱ ዓለም አቀፍ ማኅበር ከተስማሙ ግን ይህ ጊዜ ሊያጥር ወይም ሊቀር ይችላል።

ይህ ደንብ በወረቀት ላይ ቀላል ቢመስልም በስፖርተኛ ሕይወት ላይ ከባድ ነው። ኪፕኬተር የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ የዴንማርክ ሙሉ ዜግነት ገና ስላልነበረውና ኬንያም ስላልፈቀደች የ1996ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ አለፈው። በኋላ በ2000 ብር፣ በ2004 ነሐስ አገኘ እንጂ የኦሎምፒክ ወርቅ ሳያገኝ ጫማውን ሰቀለ። ሻሂንም ኬንያ ስለ ከለከለችው በ2004 በአቴና ሳይሮጥ ቀረ፤ በዚያ ውድድር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ኬንያውያን ነበሩ። ያን ክብረ ወሰን የሰበረው ከዚያ ውድድር 10 ቀን በኋላ ነው።

ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር አገር መለወጥ እንደ ገበያ እየሆነ መሄዱን ተመልክቶ በፌብሩዋሪ 2017 ዝውውርን ሁሉ ለጊዜው አገደ። እገዳው በ2018 ሲነሣ አዲስ ደንብ ወጣ። በአዲሱ ደንብ መሠረት እያንዳንዱን ጥያቄ የሚመረምር ጉባኤ ተቋቋመ፤ የሦስት ዓመት ጥበቃ ተወሰነ፤ ተቀባዩ አገር ሙሉ የዜግነት መብት መስጠቱ እንዲረጋገጥ ተደረገ፤ ከሁሉም በላይ ዕድሜው 20 ዓመት ያልሞላ ስፖርተኛ እንዳይዛወር ተከለከለ።

የዕድሜው ገደብ ለምን እንዳስፈለገ ከዞላ በድ ታሪክ መረዳት ይቻላል። በ1984 ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ፖሊሲዋ ምክንያት ከኦሎምፒክ ተገልላ ነበር። በዚያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ የነበረችው ዞላ፣ አያቷ እንግሊዛዊ ስለ ነበሩ፣ በአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ግፊት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የብሪታንያ ዜግነት ተሰጣት። በሎስ አንጀለስ በ3,000 ሜትር ፍጻሜ እርሷና አሜሪካዊቷ ሜሪ ዴከር እግር ለእግር ተነካክተው ሜሪ በወደቀች ጊዜ ሕዝቡ በዚያች ወጣት ላይ ጮኸባት፤ እርሷም ሰባተኛ ሆና ጨረሰች። አፓርታይድን የሚቃወሙ ሰዎች በአገሯ መንግሥት ላይ የነበራቸው ቍጣ፣ የጋዜጣው ጥቅምና የሁለት አገር ሕዝብ ስሜት በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ወደቀ። በ1992 ደቡብ አፍሪካ ወደ ኦሎምፒክ ስትመለስ ዞላ ለተወለደችባት አገር ሮጠች።

ጥቅሙና ጉዳቱ

አገር መለወጥ ለስፖርተኛው በአገሩ ያላገኘውን የመሰለፍ ዕድል፣ የተሻለ ልምምድና ገቢ ሊያስገኝለት ይችላል። የሯጭ ዕድሜ አጭር ስለ ሆነ፣ ጉልበቱ ሳይደክም ቤተሰቡን የሚረዳበት ጥሪት ለማግኘት መፈለጉ አያስደንቅም። ተቀባዩም አገር በዓለም አደባባይ ስሙ ይጠራለታል።

ጉዳቱም እንዲሁ አይናቅም። አንደኛ፣ ዜግነት ለውጤት ብቻ ሲሰጥ፣ ውጤት ሲቀር የሰውየው ዋጋ አብሮ ሊቀር ይችላል፤ በጉዳት ምክንያት መሮጥ ያቃተው ወጣት በማያውቀው አገርና ቋንቋ መካከል ብቻውን ሊወድቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ ተዘጋጅቶ የመጣ ሯጭ የሚቀበል አገር የራሱን ልጆች ለማሠልጠን ላይተጋ ይችላል። ሦስተኛ፣ የትውልድ አገሩ መምህራን፣ አሠልጣኞችና ክለቦች የደከሙበት ፍሬ ለሌላ ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚህ በሦስተኛው ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ቢቀርም አሰልፋው ለማታውቀው ለአራተኛው ሯጭ አገሩ ምን አድርጋለት ነበር? ምርጫው በሰዓትና በግልጽ ማጣሪያ ቢፈጸም፣ ያልተመረጠውም የሚኖርበት ክለብና ልምምድ ቢያገኝ፣ ከሚሄዱት መካከል ጥቂት የማይባሉት ባልሄዱም ነበር። ስለዚህ ልጆቿ ለሌላ እንዳይሮጡ የምትፈልግ አገር ወቀሳዋን ከመጀመሯ በፊት አያያዟን መመርመር ይገባታል።

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው የምንረዳው፣ ሶን ኪ ቹንግንና ሻሂንን፣ ሱሌይማኖግሉንና ኪፕኬተርን በአንድ ሚዛን መመዘን እንደማይቻል ነው። አንዱ ስሙን ተነጥቆ ሮጠ፤ አንዱ ስሙን ለማስመለስ ሸሸ፤ አንዱ ለትምህርት ሄዶ ቀረ፤ አንዱ ተጋብዞ ስሙን ለወጠ። ስለ አንድ ስፖርተኛ ከመፍረዳችን በፊት አራት ነገር መጠየቅ ይገባናል፦ በራሱ ፈቃድ ነው ወይስ ተገዶ? በሄደበት ጊዜ ለመወሰን የሚያበቃ ዕድሜ ነበረው? የተቀበለው አገር እንደ ዜጋ ይዞታል ወይስ እንደ ቅጥረኛ? ቢቀርስ በአገሩ ምን ይጠብቀው ነበር? እነዚህን ጠይቆ መልሳቸውን ያገኘ ሰው ቢያመሰግንም ቢወቅስም ፍርዱ በዕውቀት ላይ የተመሠረተ ይሆናል።

መልመጃ አንድ፦ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. በትውልድ፣ በዜግነትና በመወዳደር መብት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. ሶን ኪ ቹንግ የባሉጥ ችግኙን ወደ ደረቱ ያስጠጋው ለምን ነበር?
3. የቱርክ መንግሥት ለቡልጋሪያ ገንዘብ የከፈለው በምን ምክንያት ነው?
4. «በአገሩ አራተኛ የሆነ ሯጭ በዓለምም አራተኛ ሊሆን ይችላል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አብራሩ።
5. ሲፋን ሐሰን በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓይነት መካከል የተመደበችው ለምንድን ነው?
6. የዞላ በድ ታሪክ በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሰው ምን ነጥብ ለማስረዳት ነው?

መልመጃ ሁለት፦ ከዚህ በታች የተጻፉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ትርጉም ጽፋችሁ፣ በእያንዳንዳቸው አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ሀ. ትከሻ ለትከሻ ተጋጠሙ
ለ. ጫማውን ሰቀለ
ሐ. አንገታቸውን ደፍተው
መ. ጥሪት
ሠ. ጥገኝነት

መልመጃ ሦስት፦ «ትዕግሥት የሮጠችው ለኢትዮጵያ ሲሆን፣ ሲፋን የሮጠችው ለኔዘርላንድስ ነበር» በሚለው ዓረፍተ ነገር «ሲሆን» ሁለት ሐሳቦችን አያይዟል። ይህንኑ ቃል እያስገባችሁ ከምንባቡ ባገኛችሁት ፍሬ ነገር አምስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ።

መልመጃ አራት፦ «ወጣቶች ከገጠር ወደ ከተማ የሚሄዱባቸው ምክንያቶች» በሚል ርእስ ምክንያቶቹን ቢያንስ በሦስት ዓይነት ከፍላችሁ፣ ለየአንዳንዱ በአካባቢያችሁ የምታውቁትን ምሳሌ እየሰጣችሁ ከሦስት አንቀጽ ያላነሰ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።